ከመርካቶ የገዛሁት የ500 አምፔር ሻንት፦ ስምንት ወር ከተጠቀምኩበት በኋላ

ሱሉልታ ውስጥ፣ ከጎጃም መንገድ ትንሽ ገባ ብሎ፣ ኮንቴይነር ውስጥ ባትሪ እጠግናለሁ። የኤሌክትሪክ ሞተር ሳይክል፣ የሶላር፣ የላፕቶፕ ባትሪ ይመጣልኛል። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ ስለ ባትሪ የሚጠይቀኝ ሰው በዝቷል። ሥራው ጥሩ ነው። አንድ ነገር ግን ለረጅም ጊዜ ሲያስቸግረኝ ኖሯል። የነጥብ ብየዳ ማሽኔ ስንት አምፔር እንደሚያወጣ በትክክል መለካት አልቻልኩም ነበር። ዛሬ የምጽፈው ይህን ስለፈታልኝ ዕቃ ነው። ሻንት ይባላል፤ ከረንት ሲያልፍበት መጠኑን የሚነግር ትንሽ ቮልቴጅ የሚሰጥ ብረት ነው። መርካቶ በ3,600 ብር ገዛሁት።

ሥራውን ለማታውቁት ትንሽ ላስረዳ። የሊቲየም ሴሎቹ ክብ ናቸው። 18 ሚሊሜትር ውፍረት፣ 65 ሚሊሜትር ርዝመት አላቸው። እርስ በርስ የምናያይዛቸው በቀጭን የኒኬል ሪባን ነው። በሊድ ለመበየድ ከሞከራችሁ ሙቀቱ ወደ ውስጥ ዘልቆ ሴሉን ይጎዳዋል። ስለዚህ ሁለት የመዳብ ጫፎችን ሪባኑ ላይ ጫን አድርገን፣ ከ12 ቮልት የመኪና ባትሪ ብዙ መቶ አምፔር ለአጭር ጊዜ እንለቅበታለን። የእኔ ማሽን የሚስተካከለው 5 ሚሊሰከንድ ላይ ነው። ሰከንድን ለሁለት መቶ ብትከፍሉት አንዷ እጅ ናት። ጧ ይላል፣ አለቀ። ሙቀቱ ሪባኑንና የሴሉን ቆርቆሮ አጣብቆ፣ ወደ ውስጥ ሳይዘልቅ ይጠፋል።

ምቱ ካነሰ ሪባኑ የተያያዘ ይመስላል እንጂ አልተያያዘም። ከበዛ ደግሞ ሴሉን ይበሳዋል። መሃሉ ጠባብ ነው።

ባለፈው ዓመት አንድ ዕቃ የሚያደርስ ልጅ የሞተር ሳይክሉን ባትሪ ሠርቼለት ወሰደ። በሦስተኛው ሳምንት ሞተሩን እየገፋ መጣ። «ጋሼ፣ ከአዲሱ ገበያ ስወጣ ዳገቱ ላይ ቀጥ አለብኝ» አለኝ። ባትሪውን ፈታሁት። አንድ ረድፍ ላይ ሪባኑ ከሴሎቹ ተላቋል። ሌላው ረድፍ ሸክሙን ብቻውን ተሸክሞ ሪባኑ ሰማያዊ እስኪሆን ግሏል። እሳት ሊነሳ ይችል ነበር። ያን ልጅ ዳገት ላይ፣ ከመኪና መሃል፣ ጭኑ ሥር በሚነድ ባትሪ ላይ ተቀምጦ አሰብኩት። ያን ቀን ሌላ ሥራ መሥራት አልቻልኩም። ባትሪውን እንደገና በነጻ ሠራሁለት፤ ያለ ሥራ የዋለባቸውን ሁለት ቀናትም ከፈልኩት።

ያን ጊዜ የምመካው በክላምፕ ሜትር ነበር። ገመዱን እንደ መንጋጋ ከፍቶ የሚይዘው ዓይነት ነው፤ ዲሲም (እንደ ባትሪ በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚሄድ ከረንት) ይለካል። «ኢንራሽ» የሚል ቁልፍ አለው። ድንገተኛ ከረንትን ይይዛል ተብሎ ነው የሚሸጠው። ማሽኔን 5 ሚሊሰከንድ ላይ አድርጌ ስለካ 140 አምፔር ገደማ ይለኛል። ማሽኑ ላይ የተጻፈው 900 ነው። «ደክሟል» ብዬ ጊዜውን ወደ 9 ሚሊሰከንድ ከፍ አደረግሁት። ክላምፑ 190 አለ። ከረንቱ የጨመረ መሰለኝ። ቀጥሎ የበየድኩት ሴል ታቹ ተበሳ፣ ያ ጣፋጭ ጣፋጭ የሚል የኤሌክትሮላይት (የሴሉ ውስጥ ፈሳሽ) ሽታ ኮንቴይነሩን ሞላው። ሴሉን በአሸዋ ባልዲ ይዤ ወጣሁ።

ክላምፑ አልተበላሸም። የተሠራው ለሌላ ሥራ ነው። የኢንራሽ ቁልፉ የታሰበው ለሞተር ነው። የወፍጮ ወይም የውኃ ፓምፕ ሞተር ሲነሳ ለጥቂት ጊዜ ከመደበኛው ብዙ እጥፍ ይስባል። ያን ለመያዝ መለኪያው የ100 ሚሊሰከንድ ጊዜ ወስዶ ኃይሉን ያማክላል። የእኔ ምት ግን ከዚያ መስኮት ውስጥ 5 ሚሊሰከንዱን ብቻ ነው የሚይዘው። የቀረው 95 ባዶ ነው። ሒሳቡን የእህቴ ልጅ ወረቀት ላይ ሠራችልኝ። 640 አምፔር ለ5 ሚሊሰከንድ ቢያልፍ፣ የከረንቱ ካሬ በ100 ሚሊሰከንድ ተማክሎ ስኩዌር ሩቱ ሲወሰድ 143 ሆኖ ይነበባል። ያው 640 ለ9 ሚሊሰከንድ ቢቆይ 192 ይሆናል። ከረንቱ አንድ ነው፤ የጨመረው ጊዜው ብቻ ነበር። እሷ ኤሌክትሪካል ምህንድስና እየተማረች ነው፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ትመጣለች። «ጋሼ፣ ይሄ ቁጥር እኮ አምፔርም ጊዜም ተቀላቅሎበት ነው» ያለችኝ እሷ ናት።

ሻንት ግዛ ያለችኝም እሷው ናት።

አሁን ዕቃውን ቀረብ ብለን እንየው። ከመዳፍ ይረዝማል፣ ኪሎ አይሞላም፣ ግን ከበድ ይላል። ግራና ቀኝ ሁለት ወፍራም የናስ ብሎኮች አሉት። በመሃላቸው ግራጫ ቡናማ የሆኑ ዘንጎች ጎን ለጎን ተበይደዋል። ማንጋኒን ይባላል፤ ከመዳብ፣ ከማንጋኒዝና ከኒኬል የተቀላቀለ ብረት ነው። ኤድዋርድ ዌስተን የሚባል ሰው በ1892 እ.ኤ.አ. የሠራው ነው። ጥቅሙ ሲሞቅም ሲቀዘቅዝም ሬዚስታንሱ (ከረንትን የመቋቋም መጠኑ) እምብዛም አለመለወጡ ነው። ተራ መዳብ ግን በየ10 ዲግሪው ወደ 4 በመቶ ይቀየራል። ዘንጎቹ አንዱ ላይ የመጋዝ ጭረት አየሁ። የተበላሸ ዕቃ የሰጡኝ መስሎኝ ልመልሰው ነበር። ፋብሪካው ሆን ብሎ ያደረገው ነው። ሬዚስታንሱን ልክ ለማምጣት ከዘንጉ ላይ በትንሽ በትንሹ ይቀርፃሉ። ጭረት ብታዩ አትደንግጡ።

ላዩ ላይ «500 አምፔር 75 ሚሊቮልት» ተብሎ ተመትቷል። 500 አምፔር ሲያልፍበት ጫፍና ጫፉ ላይ 75 ሚሊቮልት ይገኛል ማለት ነው። 75ን ለ500 ስታካፍሉ 0.15 ሚሊኦም ይወጣል፤ የሻንቱ ሬዚስታንስ ያ ነው። ከዚያ በኋላ ሥራው ማካፈል ብቻ ነው። 96 ሚሊቮልት ካነበባችሁ 640 አምፔር ነው። 500 የተጻፈበት ዕቃ እንዴት 640 ቻለ ለምትሉኝ፣ የተጻፈው ለረጅም ጊዜ ለሚያልፍ ከረንት ነው። እንዲያውም ሳይቋረጥ ለሚያልፍ ከረንት ከሁለት ሦስተኛው በላይ ባይጫን ይመከራል። በ5 ሚሊሰከንድ ግን ሻንቱ ውስጥ የሚቀረው ሙቀት ከሲሶ ጁል ያንሳል። እጄን አስነክቼው አውቃለሁ፤ አይሞቅም። መቶ ነጥብ በተከታታይ ስበይድ ግን ለብ ይላል። ያን ጊዜ ትንሽ አሳርፈዋለሁ።

ሚሊቮልቱን ለማየት ኦሲሎስኮፕ፣ ማለትም ቮልቴጅ ከቅጽበት ቅጽበት ሲለዋወጥ በስክሪን ላይ በመስመር የሚያሳይ መሣሪያ፣ ያስፈልጋል። ቴስተር አይሆንም፤ ቁጥሩ ሳይታይ ምቱ ያልፋል። እኛ የተጠቀምነው በባትሪ የሚሠራ ትንሽ የእጅ ኦሲሎስኮፕ ነው።

የመጀመሪያውን ምት ስንለቅ ያየነውን አልረሳም። መስመሩ መጀመሪያ ላይ እንደ እንጦጦ ተራራ ሽቅብ ሾለ። 400 ሚሊቮልት። በሒሳቡ ከ2,600 አምፔር በላይ ነው! ልጅቷ ዝም ብላ አየችው። «ይሄ ከረንት አይደለም» አለች። የመኪና ባትሪያችን በእነዚያ ገመዶች ይህን ሊያወጣ አይችልም። ከረንት በፍጥነት ሲቀየር አጠገቡ ያለ ሽቦ ላይ ቮልቴጅ ይፈጥራል። የእኛ የመለኪያ ሽቦዎች ደግሞ ጠረጴዛው ላይ ተበታትነው ትልቅ ቀለበት ሠርተው ነበር። ያ ቀለበት ሻንቱን ሳይሆን በአየር ላይ ያለውን ማግኔት ነበር የሚለካው። ሻንቱ የሚሰጠን ቮልቴጅ በጣም ትንሽ ስለሆነ ትንሿም ረብሻ ትውጠዋለች።

ሁለቱን ሽቦዎች እንደ ሹሩባ አጥብቀን ጠመዘዝናቸው። ከሻንቱ አካል ጋር አስጠግተን በቴፕ አሰርናቸው። እንደገና ለቀቅን። ጫፉ አጠረ። ሙሉ በሙሉ አልጠፋም፤ መነሻው ላይ ትንሽ ወደ ላይ፣ መዝጊያው ላይ ትንሽ ወደ ታች ይሾላል። በመሃል ግን ጠፍጣፋ ሜዳ አለ። የሚነበበው ያ ሜዳ ነው። 96 ሚሊቮልት። ማሽኑ ላይ የተጻፈው 900 ሳይሆን 640።

ሁለተኛው ትምህርት ብሎኖቹ ናቸው። ሻንቱ አራት ብሎን አለው። ሁለቱ ትልልቆች ለከረንቱ፣ ሁለቱ ትንንሾች ለመለኪያው። አንድ ቀን ቸኩዬ የመለኪያውን ሽቦ ትልቁ ዳዶ ሥር ከተትኩት። ቁጥሩ ወደ 850 ዘለለ። ደስ ሊለኝ ነበር። ምክንያቱ የዳዶው መጋጠሚያ ነው። ኬብሉ ከናሱ ጋር በሚገናኝበት ቦታ ያለ 0.05 ሚሊኦም እንኳ በ0.15 ላይ ሲጨመር ንባቡን በሲሶ ያሳድገዋል። ትንንሾቹ ብሎኖች የተቀመጡት ይህ ስህተት እንዳይገባ ነው። የከረንቱ መንገድ ሌላ፣ የመለኪያው መንገድ ሌላ መሆን አለበት።

ታዲያ 0.15 የሚለውን ራሱን እንዴት አምኜ ልቀበል? አራት የመኪና የፊት መብራት አምፖሎች በአንድነት አበራን፤ እያንዳንዳቸው 55 ዋት ናቸው። ገመዱን አምስት ጊዜ በክላምፑ መንጋጋ ውስጥ አዞርነው። አምስት ጊዜ ሲዞር ንባቡ አምስት እጥፍ ይሆናል፣ ስለዚህ የክላምፑ ስህተት ለአምስት ይካፈላል። ክላምፑ 91.5 አለ፤ ለአምስት ሲካፈል 18.3 አምፔር። ሻንቱ ላይ ቴስተሩ 2.7 እና 2.8 ሚሊቮልት መሃል ይዋዥቃል። በሒሳብ 2.745 መሆን ነበረበት። ተስማሙ። ክላምፑ ለረጋ ከረንት ታማኝ ነው። ዛሬም ለዚያ እጠቀምበታለሁ።

አሁን ወደምወደው ክፍል ልምጣ። ሻንቱ ከገባ በሁለተኛው ሳምንት በየቀኑ መመዝገብ ጀመርኩ። ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል ላይ 610 አምፔር። ከሰዓት ስምንት ሰዓት ላይ 720። ባትሪው ያው፣ ገመዱ ያው፣ ማሽኑ ያው። ሱሉልታን የሚያውቅ ሰው ይገባዋል። ጠዋት ሣሩ ላይ ውርጭ ይታያል፤ ኮንቴይነሩ ደግሞ ሌሊቱን ሙሉ ቅዝቃዜ ሲጠጣ ያድራል። የመኪና ባትሪ ሲቀዘቅዝ ውስጣዊ ሬዚስታንሱ ይጨምራል፣ ከረንቱም ይወርዳል። የቆየውን የሥራ መዝገቤን ወደ ኋላ ገለጥኩ። የዚያን ልጅ ባትሪ የበየድኩት ጠዋት ነበር። ሐምሌ ውስጥ። ያን ስመለከት ደብተሩን ይዤ ቆሜ ቀረሁ።

አሁን ከ650 በታች ከሆነ አልበይድም። ፀሐይ ኮንቴይነሩን እስክትመታው እጠብቃለሁ፣ ወይም ባትሪውን ቤት አሳድረዋለሁ። ገመዶቹንም አሳጠርኳቸው፤ ሁለቱን አንድ ላይ ጠምዝዤ አሰርኳቸው። ይህ ለማሽኑም ጥሩ ነው። የተራራቀ ረጅም ገመድ ከረንቱ ሲቋረጥ በሚመልሰው ቮልቴጅ የማሽኑን ሞስፌቶች (ከረንቱን የሚከፍቱና የሚዘጉ የኤሌክትሮኒክስ ማብሪያዎች) ያቃጥላል። ከዚህ በፊት ሁለት ጊዜ ተቃጥለውብኛል፣ ምክንያቱን ሳላውቅ።

ስለ ደህንነቱ አጥብቄ መናገር እፈልጋለሁ። ሻንት ገላጣ ብረት ነው። ከባትሪው ጋር በቀጥታ የተያያዘ ነው። የእኔው ያለ ምንም ሽፋን ነው የመጣው፤ ይህ ትልቁ ቅሬታዬ ነው። ወፍራም የፕላስቲክ ክዳን ቆርጬ አለበስኩት። 12 ቮልት ሰው አይገድልም ይባላል፣ እውነት ነው፤ ነገር ግን በብዙ መቶ አምፔር ቀለበትን ጣት ላይ ያቀልጣል። እኔ የጋብቻ ቀለበቴን አውልቄ በሸሚዝ ኪሴ እከታለሁ። ሰዓትም ይወልቃል። መነጽር ይደረጋል፤ ከነጥቡ የቀለጠ ብረት ይፈናጠራል። የመኪና ባትሪ ሲሞላ ሃይድሮጅን ይወጣዋል፣ ስለዚህ ቻርጅ ላይ ሆኖ አይበየድም፤ በሩም ክፍት ይሁን።

ኦሲሎስኮፑ ስፒና የሚሰካ ዓይነት ከሆነ ደግሞ እዚህ ጋ ቆም በሉ። የመለኪያው ጥቁር አዞ አፍ (መቆንጠጫው) ውስጥ ለውስጥ ከግድግዳው ኢርዝ ጋር የተገናኘ ነው። የፈለጋችሁበት ቦታ ብትነክሱት ያን ቦታ ከመሬት ጋር አገናኛችሁት ማለት ነው። ሌላ ኢርዝ የነካ ነገር ከባትሪው ጋር ካለ፣ ቻርጀርም ይሁን፣ ሙሉው ከረንት በዚያች ቀጭን ሽቦ ያልፋል። ስለዚህ ሻንቱን በኔጌቲቩ በኩል አስገቡ፤ አዞ አፉን በባትሪው ወገን ንከሱ፤ ቻርጀሩን ንቀሉ። ላፕቶፕ ላይ የሚሰካ ዩኤስቢ ኦሲሎስኮፕ ከሆነም ላፕቶፑን ከቻርጀር ነቅላችሁ በባትሪው ብቻ አሠሩት። የኢርዙን እግር ከስፒናው ላይ ቆርጠው የሚጠቀሙ አይቻለሁ። እባካችሁ ይህን አታድርጉ። የኦሲሎስኮፑ ቆርቆሮ ራሱ ኤሌክትሪክ ሊይዝ ይችላል።

ከማይክሮዌቭ ትራንስፎርመር የተሠራ ብየዳ ላላችሁ፣ ይህን ሻንት አልመክርም። ያ ማሽን ከ220 ቮልት መስመር ጋር የተያያዘ ነው፤ ትራንስፎርመሩ ለብየዳ ከመለወጡ በፊት ደግሞ ወደ 2,000 ቮልት ነበር የሚያወጣው። እዚህ አካባቢ ሌላም ነገር አለ። የመለኪያ ዕቃዎች ላይ የምናነበው «ካት» የሚለው የደህንነት ደረጃ አብዛኛውን ጊዜ እስከ 2,000 ሜትር ከፍታ ነው የሚሠራው። አየር ሲሳሳ ኤሌክትሪክ በቀላሉ ይዘላል። አዲስ አበባ ራሷ ከዚያ በላይ ናት። ሱሉልታ ወደ 2,700 ሜትር ነው። 600 ቮልት ይችላል ስለተባለ እዚህም ያንኑ ይችላል ማለት አይደለም። ይህን የሚነግረን ሻጭ አላጋጠመኝም።

ለእንዲህ ዓይነቱ ሥራ የሚሻለው ሮጎቭስኪ ኮይል ነው። ቫልተር ሮጎቭስኪ በ1912 እ.ኤ.አ. የጻፈበት ነው። እንደ ገመድ የሚተጣጠፍ የሽቦ ጥቅልል ነው፤ በኬብሉ ዙሪያ ታስሩታላችሁ፣ ምንም ብረት አትነኩም። ውስጡ የብረት እምብርት ስለሌለው የቱንም ያህል ከረንት ቢመጣ አይጠግብም፣ ንባቡም በዚያ አይዛባም። ፋብሪካ የሚሠራ ጓደኛዬ ለአንድ ቅዳሜ አዋሰኝ። ከሻንቱ ጋር አንድ ላይ ለካንበት፤ ሻንቱ 640፣ ኮይሉ 652። ልዩነቱ 2 በመቶ አይሞላም። ደስ የሚል ዕቃ ነው። ግን የሚለዋወጥ ከረንት እንጂ የቆመ ዲሲ አይለካም፣ ምቱ ሲረዝም መስመሩ ቀስ እያለ ይዘቅጣል፣ ዋጋውም ለእኔ ዓይነት ሱቅ ከባድ ነው።

የሻንቱ ሌሎች ጉድለቶች ትንንሽ ናቸው። ትንንሾቹ ብሎኖች ለስላሳ ናቸው፤ ካቻቢቴ ትንሽ ሲጫናቸው ጥርሳቸው ይጠፋል። እኔ በናስ ቀየርኳቸው። ከሥሩ ያለው ጥቁር መቀመጫ ሲጠብቅ ይሰነጠቃል፣ ስለዚህ በስሱ እሰሩት። «ክላስ 0.5» (ስህተቱ ከግማሽ በመቶ አይበልጥም ማለት ነው) የሚለውም ለረጋ ዲሲ ነው፤ ለምት እኔ በ3 በመቶ ውስጥ ካገኘሁት ይበቃኛል።

መርካቶ ስትሄዱ 500 የሚለውን ብቻ አይታችሁ አትግዙ። ከጎኑ 75 ሚሊቮልት ነው ወይስ 50 የሚለውን እዩ፤ 50 ከሆነ ሬዚስታንሱ 0.1 ሚሊኦም ነው፣ ሒሳባችሁ ይቀየራል። አራቱም ብሎኖች መኖራቸውን ቁጠሩ። እኔ ከገዛሁበት ሱቅ ከነበሩት ሦስት ሻንቶች አንዱ ትንሿ ብሎን ጎድላው ነበር።

ያ ልጅ አሁንም እየሠራ ነው። ባለፈው ማክሰኞ ጎራ ብሎ ባትሪውን አስፈተሸ። አንዱን ሪባን በፒንሳ ይዤ ሳብኩት። ሪባኑ ተቀደደ፣ ነጥቦቹ ግን ሴሉ ላይ ቀሩ። «ምነው ቀደድከው ጋሼ?» አለኝ። እንደዚያ መሆን እንዳለበት አሳየሁትና በአዲስ ሪባን መልሼ በየድኩለት። 690 አምፔር፣ ከሰዓት ዘጠኝ ሰዓት።